«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»፦ ወጣት አጥፊዎችን ከእስር ውጭ የማረም ታሪክ በኢትዮጵያ

መግቢያ

በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ አንድ የታወቀ ተረት አለ። አንድ ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣላታል። እናቲቱም ሳትቆጣው ተቀብላ ታበስለዋለች። ልጁ አድጎ በሬ ሰረቀና በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት። ወደ መስቀያው ሲወሰድ እናቱ እያለቀሰች ስትከተለው አይቶ፣ «እናቴ ሆይ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል።

ይህ ተረት ዘወትር የሚጠቀሰው በልጅ ላይ መጨከን ተገቢ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ነገር ግን ቃሉ በጥንቃቄ ሲመረመር ሌላ ነገር ይናገራል። ልጁ ዳኛውን ወይም ወታደሩን «ቀደም ብለህ ባሰርኸኝ» አላለም። የወቀሰው እናቱን ነው። ቅጣቱ ይገባ የነበረው በእንቁላሉ ጊዜ፣ በቤትና በጎረቤት መካከል፣ ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ነበር ማለቱ ነው። «ቀጣ» የሚለው ቃል ራሱ በቀደመው አነጋገር ማስተማርንና ሥርዓት ማስያዝን የሚጨምር ስለ ነበረ፣ «የተቀጣ ልጅ» ማለት የተደበደበ ሳይሆን ጨዋ የሆነ ልጅ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሕግ የተላለፉ ልጆችን ሳያስሩ ለማረም በአገራችን የተደረገውን ጥረት ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ጽሑፉ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይነሣል። አንደኛ፣ ልጅን ከአዋቂ ለይቶ የመዳኘት አሳብ በኢትዮጵያ እንዴት አደገ? ሁለተኛ፣ ከእስር ሌላ ያሉት እርምጃዎች በሕግ ከተጻፉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ በሥራ ላይ የዋሉት ለምን በጥቂቱ ሆነ? ሦስተኛ፣ በዚህ ረገድ የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ድርሻ ምንድን ነው? ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር፣ በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ የሚገኘው የቁስቋም ሰፈር በመጨረሻው ክፍል እንደ መመልከቻ ሆኖ ይቀርባል።

1. በቀደመው ሥርዓት

በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሥርዓት እስር በራሱ የተለመደ ቅጣት አልነበረም። አጥፊ ይገረፍ፣ ካሳ ይከፍል፣ ንብረቱ ይወረስ፣ በከባድ ወንጀል ጊዜም አካሉ ይጎድል ወይም ይሞት ነበር። ሰው የሚታሰረው በአብዛኛው ፍርድ እስኪሰጥ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ነው። ለዚህም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚሄዱበት የቁራኛ ሥርዓት ምስክር ነው።

«ወህኒ» የሚለው ቃል አመጣጥም ልብ ሊባል ይገባዋል። በጎንደር ዘመን ለዙፋን ተወዳዳሪ ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ዘመዶች በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ከዚያ በፊትም የአምባ ግሸን ተራራ ይኸንኑ አገልግሎት ሰጥቷል። ወደ አምባው ከወጡት መካከል ገና ልጆች የነበሩ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ የእስር ቤታችን መጠሪያ የመጣው፣ ምንም ጥፋት ሳይፈጽሙ ወደፊት ሊያጠፉ ይችላሉ ተብለው ከተዘጋባቸው ሰዎች መኖሪያ ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት የአጥፊውን ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ከጥፋቱ ጋር አያይዞ የመመልከትን አሳብ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት አስተዋውቋል። በሕዝቡ ዘንድ ግን የልጅ ጥፋት የሚታየው ከሁሉ በፊት በቤተ ዘመድና በሽማግሌ ነበር። አባት ስለ ልጁ ካሳ ይከፍላል፤ ዘመድ ዋስ ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ተበዳይንና የበዳይን ወገን ያስታርቃሉ። በዚህ ሥርዓት ልጁ ብቻውን አይቆምም። ከጀርባው ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ይሁን እንጂ የቀደመውን ዘመን ሁሉ በበጎ ብቻ መመልከት ከእውነት ያርቃል። ለዚህም የሌባሻይ ልማድ በቂ ማስረጃ ነው። ሌባ ለመፈለግ አንድ ልጅ አደንዛዥ መጠጥ ይጠጣና ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይያዛል። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ታግዷል። የሆነ ሆኖ ማኅበረሰብ በልጅ አካል ላይ ፍርዱን ሊፈልግ እንደሚችል ያሳየናል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ የሰፈርና የዘመድ ዳኝነት መልካም የሚሆነው ልጁን ራሱን የሚጠብቅ ደንብ ሲኖረው ብቻ መሆኑን ነው።

2. ተቋም ከሕግ ቀድሞ መጣ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አገሪቱን ወደ ዘመናዊ የወንጀል ሕግ ያስገባ የመጀመሪያው እርምጃ ነበር። የጣሊያን ወረራ የመንግሥቱን ሥራ ሁሉ ስላቋረጠ፣ ነገሩ እንደገና የተነሣው ከነጻነት በኋላ ነው።

ጦርነቱ ወላጅ የሌላቸውንና ከየገጠሩ ወደ ዋና ከተማው የፈለሱ ብዙ ልጆችን ትቶ አለፈ። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣት አጥፊዎች ጠባይ ማረሚያ ተቋቋመ። በልደታ አካባቢ የሚገኘው ይህ ተቋም ለብዙ ዘመናት በመላው አገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው እንዲኖሩ፣ ፊደል እንዲቆጥሩና የእጅ ሥራ እንዲማሩ የታሰበበት በመሆኑ ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አንድ ተቋም ለአንድ አገር አይበቃም። በጎጃም፣ በሐረርጌ ወይም በከፋ የተያዘ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ካልተላከ በቀር የሚቆየው በአካባቢው እስር ቤት ነው፤ አለዚያም ምንም ሳይደረግለት ይለቀቃል። ወደ አዲስ አበባ ቢላክም ከወላጆቹ፣ ከቋንቋውና ከትምህርት ቤቱ ተለይቶ ነው። ስለሆነም ከመጀመሪያው አንሥቶ ችግሩ ሁለት ፊት ነበረው፤ አንዱ የተቋም ማነስ፣ ሁለተኛው ተቋም ብቻ መፍትሔ ተደርጎ መታየቱ ነው።

3. የ1949ኙ ሕግና የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት

በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበሩት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ልጆችን በሦስት ክፍል መደበ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ነገሩ ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአሳዳሪ ይተዋል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለው ወጣት በመሠረቱ እንደ አዋቂ ይጠየቃል፤ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል።

ለመካከለኛው ክፍል ሕጉ ያዘጋጃቸው እርምጃዎች ለመምህራን በተለይ የሚጠቅሙ በመሆናቸው በዝርዝር መታየት ይገባቸዋል።

(ሀ) ልጁ በአእምሮ ወይም በአካል የታመመ፣ ወይም በሱስ የተያዘ ከሆነ ወደ ሕክምና ተቋም ይላካል።

(ለ) ልጁ በአደራ ሆኖ እንዲማር ይደረጋል። ይኸውም ለወላጆቹ፣ እነርሱ ባይኖሩ ወይም ባይበቁ ለአሳዳሪ፣ ለታመነ ሰው ወይም ልጆችን ለሚያሳድግ ድርጅት ይሰጣል። ተረካቢው ልጁን በመልካም ለመጠበቅ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ልጁም ትምህርት ቤት አዘውትሮ እንዲሄድ ወይም አንድ ሙያ እንዲለምድ ሊታዘዝ ይችላል።

(ሐ) ልጁ የጥፋቱን ትርጉም ሊረዳ የሚችል ከሆነ በዳኛው ፊት ይወቀሳል፣ ይገሠጻል።

(መ) ልጁ በትርፍ ጊዜው ወይም በበዓል ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል።

(ሠ) የልጁ ጠባይና አካባቢው የሚያሰጋ ሲሆን ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ይገባል።

እስራት የሚነሣው ወንጀሉ ለአዋቂ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስፈርድ ሲሆን ነው። በዚያን ዘመን አስተሳሰብ መሠረት ሕጉ የአካል ቅጣትንም ጨምሮ ነበር። ይህ ቅጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ተሠርዟል፤ የቀሩት እርምጃዎች ግን በመሠረታቸው ሳይለወጡ ወደ አዲሱ ሕግ ተሸጋግረዋል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የአካሄዱን ደንብ ደነገገ። ልጁ እንደ ተያዘ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ነገሩ እስኪሰማም ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው፣ ለዘመዱ ወይም ለታመነ ሰው ይሰጣል። ጉዳዩ በአደባባይ ሳይሆን በዳኛው ቢሮ፣ ያለ ብዙ ሥርዓትና ማስፈራራት ይሰማል። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ማስረጃ ሊጠይቅ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ተጠሪዎች ሊሰማ እንደሚችልም በመቅጫው ሕግ ተመልክቷል።

ይህ ሁሉ በዓለም ታሪክ ውስጥ ሲቀመጥ ቦታው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ኦገስተስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሰፊ በፍርድ ቤት ለአንድ ሰካራም ዋስ ሆኖ፣ ሰውየውን በእስር ፈንታ በራሱ ጥበቃ ሥር ተቀበለ። በኋላም ለብዙ ሰዎች፣ ለልጆችም ጭምር፣ እንዲሁ አደረገ። አጥፊን በክትትል ሥር የመልቀቅ አሠራር ከዚህ እንደ ጀመረ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ተከፈተ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ የጫማ ሰፊው ተግባር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ዋስነት ነው። ግራቨን ከአውሮፓ ይዘው የመጡት አሳብ በአገራችን የነበረ ሥር አግኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

4. ሕጉ የጠራው ሰው

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል የተሟላ ሳለ፣ ልጆች በፖሊስ ጣቢያና በእስር ቤት መገኘታቸው ስለምን አልቀረም? መልሱ ከሕጉ ቃል ውስጥ ሳይሆን ሕጉ ከሚጠራቸው ሰዎች መጥፋት የሚገኝ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት እርምጃዎች ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። በአደራ ማስተማር አደራ ተቀባይ ይፈልጋል። በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት ልጁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚቀበል መምህር ይፈልጋል። ስለ አኗኗሩ ማስረጃ ለማቅረብ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እስር ቤት ግን የሚፈልገው ግድግዳና ዘበኛ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ዳኛው የሚልክበት ሰው ባጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው ለመላክ ይገደዳል።

ይህን ባለሙያ ለማፍራት በ1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተቋቋመው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ዘመን ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ሲኖር፣ ሕጉን ለመፈጸም የሚበቃው ሙያ ግን ተቋርጦ ነበር። ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ሕግ ሲወጣ ሕጉ የሚጠራው ባለሙያ አብሮ ካልታቀደ፣ ሕጉ ለልጁ አይደርስለትም።

5. የቀበሌ ዘመንና ማስጠንቀቂያው

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ የከተማ ነዋሪዎች በቀበሌ ማኅበር ተደራጁ። የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎችም ቀላል ጥፋቶችንና አነስተኛ ክርክሮችን እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው። በአሳብ ደረጃ ሲታይ ይህ ለወጣት አጥፊ የተመቸ ይመስላል፤ ዳኛው ጎረቤት ነው፣ የልጁን እናት ያውቃል፣ ተበዳዩም በሁለት አጥር ማዶ የሚኖር ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አልቆመም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ እነዚሁ የሰፈር ጽሕፈት ቤቶች በርካታ ወጣቶች የታሰሩባቸውና የተሠቃዩባቸው ስፍራዎች ሆኑ። ወጣቱን ከወህኒ ያድነዋል ተብሎ የሚታሰበው ጎረቤት፣ አንዳንድ ጊዜ አሳልፎ የሚሰጠው ሆኖ ተገኘ። ይህ ያለፈ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬም ስለ ኅብረተሰብ አቀፍ እርማት ሲነገር አንድ የሰፈር ወላጅ በልቡ ሊያነሣው የሚችል ጥያቄ ነውና። ከሌባሻይ ያየነውም እዚህ ይደገማል፤ ሰፈር በራሱ ርኅሩኅ አይደለም። ርኅራኄውን የሚያጸናለት በሕግ የተወሰነ ሥልጣን፣ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤትና ልጁን ብቻ የሚመለከት ሰው መኖሩ ነው።

6. ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተደነገገውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ1984 ዓ.ም. ተቀበለች። ኮንቬንሽኑ ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ ጊዜውም በተቻለ መጠን አጭር እንዲሆን ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ፣ ወጣት አጥፊዎችም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደነገገ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ጉዳዮችን ከመደበኛው ክስ ውጭ የመጨረስን አማራጭ አካቷል።

ከሕጉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን በአዲስ አበባ የተጀመረው ተግባር ነው። ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከከተማው ፖሊስ ጋር በመተባበር በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲከፈቱ አደረገ። ቀጥሎም ቀላል ጥፋት የፈጸሙ ልጆች በእስር ፈንታ በየሰፈራቸው የሚታረሙበት ኅብረተሰብ አቀፍ የጠባይ ማረሚያ መርሐ ግብር ተጀመረ። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ፖሊስ ልጁን ወደ ክስ ከመውሰድ ይልቅ በሰፈሩ ወዳለ ማእከል ይመራዋል። ልጁ በቤቱ እያደረ፣ ትምህርቱንም ሳያቋርጥ፣ በተወሰነ ጊዜ ወደ ማእከሉ ይመጣል። እዚያም ምክር፣ የጥናት እርዳታና ጨዋታ ያገኛል። በጎ ፈቃደኛ የሰፈር ሰዎችና ሠራተኞች ከቤተሰቡ ጋር እየተገናኙ ይከታተሉታል።

ይህ አሠራር አዲስ ይምሰል እንጂ በ1949ኙ ሕግ የተጻፈው በአደራ የማስተማር እርምጃ ሰው አግኝቶ መቆሙ ነው። ልዩነቱ እርምጃው ከዳኛው ወደ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ መቅረቡ ነው። በዚህ ውስጥ ጥቅምም ጥንቃቄም አለ። ጥቅሙ፣ ልጁ ከመዝገብና ከእስር መዳኑ ነው። ጥንቃቄው ደግሞ፣ ያላጠፋ ልጅ ክርክር ሳያቀርብ «አጥፍቻለሁ» ብሎ እንዲገባ እንዳይገደድ ነው። ከእስር ይሻላል በማለት ብቻ የልጁ ድምፅ መረሳት የለበትም።

7. ቁስቋም

ቁስቋም በጉለሌ፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከላዩ የባሕር ዛፍ ደን፣ ከአጠገቡ በሽመና የታወቀው ሽሮ ሜዳ አለ። ለብዙ ዘመን ሴቶች ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው በዚህ ቁልቁለት ወርደዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በአካባቢው መቀመጫቸውን አድርገዋል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ልጅ ገና በጠዋቱ የቤተሰቡ ሥራ ተካፋይ ነው። አንዱ ድውር ያዳውራል፣ አንዱ ጫማ ይጠርጋል፣ ሌላው ሎተሪ ያዞራል። እናት ከንጋት ጀምራ ከቤት ስትወጣ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጁን የሚጠብቀው መንገዱ ነው።

አንድ ጉዳይ በምሳሌ እናስብ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከአንድ ሸማኔ ደጃፍ የተሰጣ ነጠላ ሰርቆ ሲሸጥ ተያዘ እንበል። ወደ እስር ቢሄድ የሚሆነው ይታወቃል። ከእርሱ በዕድሜና በልምድ ከሚበልጡ ጋር ያድራል። ከትምህርት ይቀራል፤ ፈተና ካመለጠው ዓመቱ ያልፈዋል። ሲወጣ በሰፈሩ የሚጠብቀው ስም «ሌባው» የሚል ነው። ሸማኔውም ነጠላውን አያገኝም። በዚህ አካሄድ የተጠቀመ አንድም ሰው የለም።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይለያል። እናቱ ትጠራና ለልጁ ጥበቃ ትፈርማለች። የክፍል አለቃው ስለ ልጁ ጠባይና መቅረት የሚያውቀውን ለዳኛው ወይም ለማእከሉ ይናገራል። ምናልባት ልጁ ከስርቆቱ በፊት ባሉት ሳምንታት መቅረት መጀመሩን፣ ምሳም ሳይዝ መምጣቱን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ የዕድር ዳኛ ወይም የተከበረ ሽማግሌ ልጁንና ሸማኔውን ፊት ለፊት ያገናኛል። ልጁ ነጠላው የስንት ቀን ድካም እንደ ነበረ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር አስፈላጊ ነው። የልጁ ካሳ በሸማኔው ቤት ያለ ደመወዝ መሥራት እንዲሆን የሚያቀርቡ አይጠፉም። ከገጠር የመጡ ልጆች በሽመና ቤቶች ጉልበታቸው ሲበዘበዝ በታየበት አካባቢ፣ ቅጣትን በጉልበት ሥራ መመንዘር አንዱን በደል በሌላ መተካት ይሆናል። ሕጉ «ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ» የሚለውን ያለ ምክንያት አልጨመረም።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከቀረበው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉት አስተያየቶች ይቀርባሉ።

(ሀ) ትምህርት ቤት በሕጉ ውስጥ ስሙ የተጠራ ተቋም ነው። ዳኛ የትምህርት ቤትን ተጠሪ ሊሰማ፣ ልጅንም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ስለሆነም በየትምህርት ቤቱ ለዚህ ተግባር የሚመደብና ሰዓቱ ከማስተማሪያ ሸክሙ የሚቀነስለት አንድ መምህር ቢኖር ሕጉ መልስ ያገኛል።

(ለ) ልጅን ከትምህርት ገበታ ማባረር ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው እስር ነው። የተባረረ ልጅ የሚሄደው ወደ መንገድ ነውና። መምህሩ የመባረር ውሳኔ ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ ሕጉ ለዳኛው ያዘጋጀለትን ያህል አማራጭ እርሱም በትምህርት ቤቱ ሞክሮ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

(ሐ) የሰፈር ማእከሎች በበጎ ፈቃድና በውጭ እርዳታ ብቻ ሊጸኑ አይችሉም። በመንግሥት በጀት ውስጥ ቋሚ ቦታ ካላገኙ፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የማኅበራዊ ጉዳይ ትምህርት ያጋጠመው መቋረጥ በእነርሱም ላይ ይደርሳል።

(መ) ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉት ወጣቶች በሕጉ እንደ አዋቂ የሚጠየቁ በመሆናቸው ከዚህ ጥቅም ብዙውን ጊዜ ይጎድላሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉት ልጆች ግን በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። እቅድ ሲወጣ ይህ ክፍል እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ልጅን ሳያስሩ የማረም አሳብ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በዋስነት፣ በካሳና በእርቅ መልክ በአገሩ ነበረ፤ በ1949 ዓ.ም. የሕግ ቃል አገኘ፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ በአንዳንድ ሰፈሮች ተግባር ሆነ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የጎደለው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ዳኛው «ይህን ልጅ ማን ይረከባል?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔ» የሚል ሰው።

ቁስቋም የሚለው ስም የመጣው በግብፅ ካለ ስፍራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የሚታሰበው አንድ ሕፃን ከንጉሥ ሰይፍ ሸሽቶ ከእናቱ ጋር የተጠጋበት ቦታ ሆኖ ነው። ሰፈሩን የሰየሙት ሰዎች ስለ ወንጀል ሕግ አላሰቡም። የሆነ ሆኖ ስሙን ይዞ የሚኖር ሰፈር፣ በእንቁላሉ ጊዜ የተያዘ ልጅ በደጁ ሲቆም ሊያደርገው የሚገባውን ከስሙ ሊማር ይችላል። ተረቱ የሰቀለውን ሰው ማዳን የሚቻለው በሬው ሳይሰረቅ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ልጁ ያለው በእስር ቤት ሳይሆን በእናቱ ቤትና በመምህሩ ክፍል ነው።